ኳኳ ከቨር ሲመርጥ

የእህቴ ባል ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ያነጠፈውን ሁሉ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ያዳምጣል፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ከሥሩ ማጣበቂያ አልደረሰም ማለት ነው፣ ያ ሴራሚክ ደግሞ ዛሬ ባይሰበር ነገ መሰበሩ አይቀርም። ልማድ ሆኖበት ሐብሐብ ያንኳኳል፣ ጠረጴዛ ያንኳኳል፣ ወለል ብሎ የተከፈተ በር ሳይቀር ያንኳኳል። እኛም ስሙን ትተን ኳኳ አልነው።

እኔ ወደምሠራበት የስልክ ዕቃ ሱቅ የመጣ ዕለት ግን ፊቱ የሚያስቅ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ስልኩ ከሸሚዝ ኪሱ ሾልኮ በማዕዘኑ ኮንክሪት ላይ አረፈና ተሰብሮ በዚያው ቀረ። በዚያው ቀን ደግሞ እህቴን የሚጥል በሽታዋ ተነሣባት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤት ብቻዋን ትውላለች። ሊጥላት ሲል ትንሽ ቀደም ብሎ ይታወቃታል፣ ለባሏ ለመደወል የምትበቃ ጊዜ ብቻ ናት ያለቻት። ኳኳ ለዚህ ሲል ከሰፈር የራቀ ሥራ አይቀበልም፤ ስልኩ ሲጮህ ሁሉን ጥሎ ይሮጣል። ያን ቀን ደወለች፣ ስልኩ ግን የለም። አመሻሹ ላይ ከሥራ ሲመለስ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ወለል ላይ አገኛት።

«አንቺ ልጅ» አለኝ፣ አዲሱን ስልክ እንደ ጫጩት በሁለት እጁ ይዞ። «የማይሰበር የስልክ ከቨር ስጪኝ።»

«ጋሼ፣ የማይሰበር የሚባል ነገር የለም። የሚሻል ነው ያለው።»

«የቱ ነው የሚሻለው? ለምንስ ይሻላል?»

ደንበኛ ሁሉ ቀለም ነው የሚጠይቀኝ። ለምን ያለኝ ሰው የለም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር። የካርቶኑን ጽሑፍ አነበብኩለት።

«ካርቶን ምን ያድርግ፣ የጻፉበትን ይላል» አለና ከቨሮቹን እያነሣ ያንኳኳ ጀመር። ደረቁን ፕላስቲክ አንኳኳና ራሱን ነቀነቀ። ወፍራሙን ጎማ አንኳኳና መልሶ አንኳኳው። ሦስተኛው፣ ማዕዘኖቹ ያበጡት፣ ጣቱ ሲነካው ባዶ ድምፅ ሰጠ።

«ይሄ ሌባ ነው! ማዕዘኑ ባዶ ነው!»

«አየር እንዲኖረው ተብሎ የተሠራ ነው፣ ጋሼ።»

«አየር ምን ይሸከማል?»

ሦስቱንም ልሞክራቸው ብሎ ወሰዳቸው። የጨነቀውን ሰው ምን ይሉታል?

እሁድ ቤታቸው ስሄድ እህቴ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ባሏን እያየች ትስቃለች። ኳኳ ሴራሚክ በስልኩ ልክ ቆራርጦ ከቨሮቹ ውስጥ አስገብቷል። ይባስ ብሎ የሦስተኛውን ባዶ ማዕዘኖች በሲሊኮን ደፍኗቸዋል።

«የሰው ዕቃ!» ብዬ ጮህኩ።

«ጉድለቱን አስተካከልኩልሽ እንጂ ምን አደረግሁ? አንዱ ማዕዘን ብቻ ሲሊኮን አልቆብኝ ቀረ።»

ከሸሚዝ ኪሱ ከፍታ ይጥላቸው ጀመር። ደረቁ ከቨር ውስጥ ያለው ሴራሚክ ስብርብሩ ወጣ። የጎማው ጫፉ ተሸረፈ። ኳኳ እጁን አፋተገና የራሱን ሥራ አነሣ፤ በተደፈነው ማዕዘን ለቀቀው፣ ሴራሚኩ ተሰነጠቀ። ሌላ አስገብቶ በሌላው የተደፈነ ማዕዘን ለቀቀው፣ ያም ተሰነጠቀ።

«አላልኩም? ይሄ ከቨር ከጥንቱም ሌባ ነው።»

እህቴ መስፋቷን አቆመች። «ያኛው ማዕዘን አልተሞከረም።»

«እሱማ ባዶ ነው!»

«ባዶ ስለሆነ አይደል እንዴ ሞክረው የምልህ?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ትንሽ አንገራገረ። በመጨረሻ እሷን ለማሳፈር ሲል ሌላ ሴራሚክ አስገብቶ ለቀቀው። ከቨሩ በባዶው ማዕዘን አርፎ፣ ነጥሮ፣ ተጋደመ። ሦስታችንም ተንበርክከን ሴራሚኩን አየነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ከራሱ በላይ አንሥቶ ጣለው፣ ደህና ነው። ወንበር ላይ ቆሞ ጣለው፣ አሁንም ደህና ነው።

ኳኳ ከወንበሩ ወርዶ ማዕዘኑን አንኳኳ። ያው ባዶ ድምፅ ነው። «እንዴት?» አለ፣ ለራሱ ይሁን ለእኛ አላወቅሁም። «ዕድሜዬን ሙሉ ባዶ ስደፍን ነው የኖርኩት።»

«የሚረገጥና የሚወድቅ አንድ አይደለም» አለች እህቴ። «የሚረገጥ ሥሩ ሙሉ ይሁን። የሚወድቅ ግን ያረፈበት ነገር እሺ ሊለው ይገባል።» ከዚያ ክር በመርፌ እያስገባች፣ ምንም ሳይከፋት «እኔም እኮ ያረፍኩት እዚሁ ነው» አለች።

ኳኳ ወለሉን አየ። የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያንኳኳ የሚያሳየው፣ አንድም ቦታ ባዶ ድምፅ የማይሰጥ። ስልኩን ጨርሶ ረሳው። ጥሪዋ ቢደርሰው እንኳ እሱ ሮጦ እስኪመጣ ድረስ የምትወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ አንዳችንም አላሰብነውም ነበር።

ባለ አየሩን ከቨር አዲስ ሰጥቼው ስልኩን አለበሰ። ስፖንጅ የመሰለ ወፍራም የጎማ ምንጣፍም ገዛ። ከሴራሚኩ በላይ ላንጥፈው ቢል በሩ አልከፈት አለው፤ ስለዚህ ሴራሚኩን ሊያነሣ መሮና መዶሻ ይዞ ተንበረከከ። አልነሣም አለው። ላቡ ጠብ እስኪል እየቀጠቀጠ «የትኛው ርጉም ነው እንዲህ አጥብቆ የለጠፈው!» ይላል። እህቴ ስቃ ልትሞት ደረሰች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ አየሁት፣ አቧራው ነው አለኝ።

ምንጣፉ ተነጥፎ ሲያልቅ እህቴ ጫማዋን አውልቃ መሀሉ ላይ ቆመች። ዞር ብላ አየችን። ከዚያ ጉልበቷን ለቀቀችና በቁመቷ ዘጭ አለች።

እኔ ጮህኩ። ኳኳ መዶሻውን ወርውሮ ዘሎ አጠገቧ ወደቀ፣ ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ያዘ፣ ስሟን ደጋግሞ ጠራ። እሷ ዓይኗን ገልጣ ከታች ወደ ላይ ታየዋለች።

«ምን ያስጮኽሃል?» አለችው። «እየሞከርኩት ነው።»