በሰው ቤት የነበሩት ላሞች

የኬላው ጥበቃ ጆንያዬን በሳንጃ ወግቶ ጤፉ መንገድ ላይ ሲፈስ፣ ያኔ ነው አለቀልኝ ያልሁት። ከአዲስ ቅዳም ወደ ቆሰበር ለልጆቼ በአህያ የጫንሁት እህል ነበር። በደርግ ጊዜ ያለፈቃድ እህል ማዘዋወር የኢኮኖሚ አሻጥር ይባል ነበር። ፊደልን በመሠረተ ትምህርት ገና የቆጠርሁ ሴት፣ የፖለቲካ እስረኛ ሆንሁ።

ያሰሩኝ የቀበሌው ዕቃ ቤት ነው። ወለሉ ርጥብ፣ ሽታው የሻገተ ቆዳ። ውስጥ አንዲት ጠና ያሉ ሙስሊም ሴት አገኘሁ፤ ጫግኒ የነበረ ሱቃቸው ተወርሷል።

"ምን አድርገሽ ነው ልጄ?"

"ጤፍ ጭኜ፣ እማማ።"

"አህያዋንም ያዟት?"

"ያዟት።"

"እሷስ ግለ ሂስ የለባት፣ ቀድማሽ ትፈታለች።"

ሳቄና እንባዬ አብሮ መጣ። ያለኝ ሁሉ እዚያ ጆንያ ውስጥ ነው አልኋቸው።

"ሰው ኑሮውን አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታል? እኔ ሱቄን ሲወስዱት ላሞቼ በርቢ ሰው ቤት ነበሩ።"

ርቢ ማለት ላምን ለሌላ ቤት ሰጥቶ፣ ወተቱን አርቢው እየጠጣ ጥጃውን መካፈል ነው። "ምናልባት ብሞት ለልጆቼ ንገሪልኝ" ብለው ላሞቹ ያሉበትን ቤት ሁሉ ነገሩኝ።

በማግስቱ የቀበሌው ካድሬ አስጠራኝ። ሻይ አቀረበልኝ።

"አሮጊቷ ከብት ደብቃለች። ያለበትን ንገሪኝና ዛሬውኑ ልጆችሽ ዘንድ ግቢ።"

ትንሿ ልጄን ታማ ነበር የተውኋት። ሻዩን ሳልነካ፣

"ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ሶላታቸው ላይ ናቸው፤ እኔ ደግሞ የሚሉት አይገባኝም" አልሁት።

"ደደብ!" አለኝ። ስድቡን ተቀብዬ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ።

ውሎ አድሮ ሁለታችንንም ፈቱን። ልጄም ድናለች። ጤፉ ቀረ፤ እማማ ግን ከላሞቻቸው አንዷን ለእኔ በርቢ ሰጡኝ። ልጆቼ ያደጉት በእሷ ወተት ነው።

በቅርቡ የመጨረሻው ልጄ፣ "እማዬ፣ ከብቱንም ባሕር ዛፉንም ሸጠን ሁለት ባጃጅ እንግዛ" አለኝ።

"ባሕር ዛፉን ሽጥና አንድ ግዛ። ከብቱ ይቆይ።"

"ያንቺ ፍርሃት ገና ከደርግ አልወጣም!" ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ነው፣ አልወጣም። ኬላ ሳይ ዛሬም መንገድ እቀይራለሁ። ግን ፍርሃቴን ሥራ አስይዤዋለሁ። እህሌ ጎተራ፣ ትርፉ ባንክ፣ ሁለት ጊደሮቼም ሰው ቤት ናቸው። ልጄም አንድ ባጃጅ ገዛ፤ ማታ ማታ ድምፁን ስሰማ በሩን እከፍትለታለሁ። ልጆቼ ጠግበው ያድራሉ፤ እኔም ደህና ነኝ።