ሽማግሌዎቹን ያስቆመው ኮምፒዩተር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ላፕቶፗን እንደ ታመመ ድመት አቅፋ ወጥ ቤት ድረስ መጣች። "ማሚ፣ ኢት ኢዝ ብሮክን" አለችኝ። ራሱን አድሶ ሲነሳ ድምፁን አጥቷል። ስክሪኑ መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ብላ አንድ ፋይል መጥፋቱን ትናገራለች፤ ከሥሯ "እሺ" የምትል መጫኛ አለች። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የጎደለህን ይነግርህና መልሶ "እሺ በል" ይልሃል።

የልጄ መፍትሔ አዲስ መግዛት ነበር። እኔ ግን ሽንኩርቱን ትቼ፣ እጄን በሽርጤ ጠርጌ ተቀመጥኩ። የጠፋ የድምፅ ፋይል ሳይ ዛሬም ትቼው ማለፍ አልችልም። አንድ ጊዜ ትዳሬ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ። ከአገሬ ወጥቼ ብሩክሊን ሴንተር በሚባል ከተማ የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ታምራት ቤት እየኖርኩ፣ ብሉሚንግተን ካለ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ። ግጥም ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ ጀምሬ፣ አንሶላ እየወጠርኩ ቤት መምታቱን በአፌ እለማመድ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፤ ያልተፈታ ነገር ካየሁ ካልፈታሁት ይከነክነኛል። የቤቱን ኮምፒዩተር ጠባይ ያወቅሁትም እንደዚያው ነው፤ ደጋግሜ እያበላሸሁ፣ ደጋግሜ እየጠገንኩ።

ዮናስ የሆቴሉን እንግዶች ከኤርፖርት የሚያመላልሰውን ሚኒባስ ድራይቭ ያደርግ ነበር። ልንጋባ ተስማማን። አዳማ ላለው አባቴ የነገርኩት ግን ከተስማማን በኋላ ነው። "እኔን ሳትጠይቂ?" አለና በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ "ሽማግሌ ይላክ። ፊታቸውን አይቼ ነው የምመልሰው" ብሎ ዘጋው። እኔም ያለ አባቴ ምርቃት እንደማላገባ ለዮናስ ቁርጡን ነገርኩት። እናቴ የሞተችው በልጅነቴ ነው። ብቻውን ያሳደገኝን ሰው አልፌ የምሄድበት መንገድ አልታየኝም።

ቀኑ ተቆረጠ። የመጋቢት ቅዳሜ ነበር፤ በረዶው መንገድ ዳር ጠቁሮ የተቆለለበት፣ መኪናው ሁሉ በጨው የነጣበት ሰሞን። የጋሽ ታምራት ሚስት እትዬ ሙሉ ኮባ ቢጠፋ ከእስያውያን ሱቅ የሙዝ ቅጠል ገዝታ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ቤቱ በጥቁር አዝሙድና በቅርንፉድ ሻይ ታወደ። ጋሽ ታምራትም የበኩሉን አጸዳ። ምንጣፉን ቫኪዩም አደረገ፣ የጫማ መደርደሪያውን ወለወለ። ከዚያ ዞር ሲል ኮምፒዩተሩን አየ። ወንድሙ በቪዲዮ የሚቀርበው በዚያ ነውና እሱንም ለእንግዳ ሊያሰናዳ ተቀመጠ። ምን እንዳደረገው የሰማሁት ግን በኋላ ነው።

ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቱ አትታይም። ስለዚህ እኔና እትዬ ሙሉ መኝታ ቤት ገባን፤ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ በስንጥቁ አያለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቡትስ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ከላይ ነጭ ጋቢ፣ ከታች የስፖርት ካልሲ። መሪያቸው አቶ በላቸው አንዱ ካልሲያቸው ጥቁር፣ ሌላው ሰማያዊ ነበር። አባቴ ስክሪኑ ላይ ከነክራቫቱ ተቀምጧል። መስመሩ ደካማ ስለነበር ምስሉ እየቆመ ነው የሚሄደው፤ ከአንገቱ በላይ ብቻ፣ እንደ ፓስፖርት ፎቶ ድርቅ ብሎ ይታያል።

አቶ በላቸው እጅ ነሱ። እኛ ዘንድ ረፋድ ቢሆንም አዳማ መሽቶ ነበር። "እንደምን አመሹ ጌታዬ። ደጅ ልንጠና ነው የመጣነው" አሉ።

አባቴ መልስ አልሰጠም።

ሽማግሌ ተቀመጡ ካልተባለ አይቀመጥም። ሦስቱም እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ሻዩ በረደ። የመንገድ ጠራጊው መኪና ከውጭ እያጓራ አለፈ። አባቴ ያያቸዋል፤ እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ።

አንደኛው ሽማግሌ "ቁጡ ናቸው መሰለኝ" አሉ በሹክሹክታ።

"ዝም በል! ወግ አዋቂ ነው። ልጁን እንዲህ እንደ ዋዛ ይሰጣል እንዴ? ቁም!" አሉ አቶ በላቸው።

"ኧረ እኔ ከሰዓት ፈረቃ አለብኝ!" አሉ ሦስተኛው።

ጋሽ ታምራት ላቡን በመሐረብ እየጠረገ "ወንድሜ ሲቀየም እንዲህ ነው፤ አይናገርም" አለ። በስልክ ያን ያህል ዝም ያለው አባቴ አሁንም እንደተቀየመ ነው ብዬ አመንኩ። በመጨረሻ አቶ በላቸው ተነፈሱና "አልወደደንም። ደጋግሞ መመላለስም የሽምግልና ወግ ነው፤ እንሂድ" አሉ። ወደ ጫማቸው ዞሩ።

ያኔ ነው ያየሁት። ከስክሪኑ ግርጌ፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ የድምፅ ማጉያዋ ምልክት ላይ ቀይ መስቀል ተሰምሮባታል።

በሩን ስከፍት እትዬ ሙሉ ቀሚሴን ያዘች። "አንቺ! ወዴት ነው? ሽማግሌ ፊት?"

"እትዬ፣ አባዬ አልተቀየመም! ኮምፒዩተሩ ነው ድዳ የሆነው!"

ነጠላዬን እየሰበሰብኩ ሳሎን ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ያዩትን አላመኑም፤ አንደኛው ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። "ይቅርታ አባቶቼ" አልኩና ኮምፒዩተሩ ፊት ቁጭ አልኩ። "ጋሼ፣ ምን አደረግከው?"

"ምንም! አጸዳሁት እንጂ።"

"ምኑን?"

"የማይታወቅ ነገር ሞልቶበት ነበር። ስሙ እንኳ አይነበብም! እንግዳ እየመጣ ዝም ልበል?"

ስሙን ያላወቀውን ሁሉ አውጥቶ ጥሎታል፤ የድምፁንም ፋይሎች ጭምር። ደግነቱ የኮምፒዩተሩን ቆሻሻ መጣያ አልደፋውም። ከፍቼ ሳይ እዚያው ተኝተዋል። ወደ ቦታቸው መለስኳቸው፣ የድምፁን ክፍል አጥፍቼ አስነሳሁት። ቀዩ መስቀል ጠፋ። እንግዳ ፊት ሳይታሰብ እንዳይጮህ መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ ልሞክረው ብዬ ሰካሁትና ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

"… ኧረ ተቀመጡ! በአምላክ ተቀመጡ! ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?" ይላል አባቴ። ጉሮሮው ደርቋል።

"አባዬ!"

"ልጄ! እኔ እሰማቸዋለሁ፤ ብለምናቸው ብለምናቸው እምቢ አሉኝ እኮ!"

"እነሱ አይሰሙህም አባዬ። ድምፅህ እኔ ጆሮ ላይ ብቻ ነው ያለው።"

ምስሉ ቆሞ ነበርና ፊቱን ማንበብ አልቻልኩም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ አልጋዬ አጠገብ በሚያወራበት ድምፅ፣ "አንቺ ብቻ ነሽ የምትሰሚኝ?" አለ።

"አዎ።"

"እንግዲያው ንገሪኝ። አገሩ ሩቅ ነው፣ ክረምቱም ክፉ ነው ይላሉ። ሰው ብቻውን ሲሆን ያገኘውን ሁሉ ይጠጋል። ብርዱን ፈርተሽ ነው ወይስ ልጁን ወደሽ? ብርዱን ከሆነ ራስሽን ነቅነቅ አድርጊ። እኔ እመልሳቸዋለሁ። እምቢታው የእኔ ይሆናል፤ አንቺን ማንም አይወቅስም።"

የተቀየመ መስሎኝ የከረመው ሰው ይህን ይዞ ነው የቆየው። ፊታቸውን አይቼ ሲል የማንን ፊት ማየት እንደፈለገ ያኔ ገባኝ። ጆሮዬ እንደተደፈነ ረስቼ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ ጮህኩ።

"ልጁን ወድጄ ነው!"

ከኋላዬ የሻይ ብርጭቆ ተንኳኳ። እትዬ ሙሉ "ውይ በሞትኩት!" አለች ከመኝታ ቤት። አቶ በላቸው ግራና ቀኝ አይተው፣ "እንዴ ታምራት፣ ኮምፒዩተሩ ነው እንዴ የሚጠይቃት?" አሉ።

ማዳመጫውን ነቀልኩት። የአባቴ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። "ተቀመጡ እንጂ! ምነው ቆማችሁ?"

እያቃሰቱ ተቀመጡ። አባቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ነገራቸውን ከመነሻው አስደገማቸው፣ የልጁን ዘር ማንዘር ጠየቀ። በመጨረሻም እንደ ወጉ "ከዘመድ ልምከር፤ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ" አላቸው። አቶ በላቸው ሲወጡ ደስታቸው ለጉድ ነበር። "አላልኳችሁም? እንዲህ ነው አባት ማለት! አቁሞ፣ አስደግሞ፣ ቀጥሮ!" በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፤ አባቴም አስቀምጦ መረቀን።

የልጄ ላፕቶፕ ብዙ አላስቸገረኝም። የጎደለውን ፋይል መለስኩለት፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ እሷም ሙዚቃዋን ከፍታ ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ዮናስ ሰርግና ክርስትና ላይ "ሽማግሌ ፊት ጮኻ ነው ያገባችኝ" እያለ ሰው ያስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ለማን እንደጮህኩ ሲጠየቅ "ለማሽኑ" ይላል። አላረምኩትም።

አባቴም እኔም ያችን የጆሮ ማዳመጫ ጥያቄ ዳግመኛ አንስተናት አናውቅም። ምርቃቱን ቤት ሙሉ ሰው ሰምቶታል፤ ቪዲዮውም አለ። ራሴን ብነቀንቅ ኖሮ ግን ያን ሁሉ ሰዓት የቆሙትን ሽማግሌዎች ምን ብሎ ይመልሳቸው እንደነበር አንዳንዴ ሳስበው እውላለሁ። ሰበቡን አላውቅም። እንደሚመልሳቸው ግን አውቃለሁ።