ከዋሻው በላይ ያለው ቦይ

ዝናብ ሲጥል ተቀምጬ መብላት አልችልም። ጉርሻዬን እንደያዝሁ እነሣለሁ፤ በር ድረስ ሄጄ ደመናውን አይቼ እመለሳለሁ፤ ገና ሳልቀመጥ እንደገና እነሣለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ አሁን ትታኛለች። ሥራውን ከለቀቅሁ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ዋሻውን የሚጠብቁት ሌሎች ናቸው። እግሬ ግን ይህን አልሰማም።

ጣልያን በወጣ በጥቂት ዓመት ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው አሮጌ አውራ ጎዳና፣ ከከተማው ዳርቻ ያለውን አንድ ኮረብታ በጎኑ ታክኮ ይዞር ነበር። በላይ ገደል፣ በታች ገደል። በየክረምቱ ከዳሩ እየተገመሰ ወንዝ ይገባል፤ ካሚዮኖች ጭቃ ውስጥ ተተክለው ያድራሉ። የመንገድ ሥራው ሰዎች መጠገኑ ሲሰለቻቸው ኮረብታውን በስተው ለማለፍ ቆረጡ። ሁለት በጋ ሙሉ በድማሚትና በዶማ ፈለፈልነው። እኔም ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ ነበርሁ። ከወዲያ በኩል ብርሃን የታየን ዕለት ተቃቅፈን አለቀስን፤ ከሁሉም የባስሁ አልቃሽ እኔ ነበርሁ።

መንገዱ በዋሻው ሲዞር አሮጌው ተዘጋ፤ እኔም የዋሻው ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ሰው ዋሻ አንዴ ከተፈለፈለ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የት አባቱ ያልቃል! ኮረብታ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውን በጣሪያው ስንጥቅ ያወርዳል፤ ውሃ የገባበት ድንጋይ ደግሞ ይለቃል። ስለዚህ ከዋሻው በላይ ዝናቡን ወደ ጎን የሚያወጣ ረጅም ቦይ ቆፍረን ነበር። ይህ ቦይ በክረምት በየቀኑ ካልተጠረገ በደለል ይደፈናል። በመጀመሪያው ክረምት አንድ ቀን ብንዘናጋ ጣሪያው ድንጋይ ጥሎ አንዲት የጭነት በቅሎ ገደለ። አለቃችን ካቦው በቅሎዋን አይቶ «ቀጥሎ ሰው ነው» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ቀለለ።

ጠባቂዎቹ ሁለት ነበርን። እኔ የቁስቋም መሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ዜማው አልገባ ብሎኝ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሸሸሁ። ጓደኛዬ ከጎንደር እስላም ሰፈር፣ ከአዲስ ዓለም ነጋዴዎች ቤት የወጣ ሙስሊም ነው፤ እሱም ሱቅ መቀመጥ አልሆንለት ብሎ የመጣ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ሲጠራኝ «ወንድምዓለም» ነው። ካቦው ለበዓል ፈቃድ አይሰጥም፤ እኛ ግን የራሳችን ውል ነበረን። በእኔ በዓል እሱ ይጠርጋል፣ በእሱ በዓል እኔ እጠርጋለሁ። ቦዩ አንድም ቀን ጾሙን አላደረም። «ሁለት ሃይማኖት የተሰጠው ቦይ» እያልን እንስቅ ነበር።

አባቴ ዋሻውን ጠላው። በየዓመቱ ለሐምሌ ገብርኤል ከኮረብታው ማዶ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ይመራል፤ የሚሄደውም በተዘጋው አሮጌ መንገድ ነው። መንገዱ በዚያን ጊዜ ከመሸርሸሩ ብዛት አንድ ሰው ብቻ የሚያስኬድ ሆኗል።

«ምነው አባባ፣ ሸጋ መንገድ እያለልዎት?» እለዋለሁ።

«ሸጋ ነው ያለህ ማን ነው? ከምድር በታች የሚገባ ሬሳ ነው። እኔ ጊዜዬ ሲደርስ እገባለሁ።»

ሁለት ዓመት ለመንሁት። በሦስተኛው ጉልበቱ ሲደክምበት ጊዜ ቁጭ ብሎ ብዙ አሰበና «እሺ» አለ። «ባንተ አምኜ እገባለሁ። ስሄድም ስመለስም።» ይህን ሲለኝ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ወዲያውም ፍርሃት ያዘኝ። የአባቴ ራስ በእኔ ጣሪያ ሥር ሊያልፍ ነው።

በዚያ ዓመት ረመዳን ከሐምሌ ጋር ገጥሟል። ከጓደኛዬ ጋር ቆጠርን፤ ወሩ ሠላሳ ሞልቶ ኢድ በሃያ ይውላል አልን። እንግዲህ በአሥራ ዘጠኝ ለገብርኤል እሱ ይጠርጋል፤ በሃያ እኔ። እጅ ተጨባበጥን። ጨረቃ በሃያ ዘጠነኛው ማታም ልትታይ እንደምትችል እሱ ከልጅነቱ ያውቃል፤ እኔም ጎረቤት ሆኜ ስኖር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ግን በዚያ ሁሉ ደመና ማን ያያታል ብለን ተውነው።

በዋዜማው አመሻሽ ላይ አባቴን ይዤ ዋሻውን አለፍሁ። ፋኖሱን እኔ ያዝሁ፤ እሱ ትከሻዬን ጨምድዶ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በወዲያኛው አፍ ስንወጣ ዞር ብሎ አየና «ለካ አጭር ነው» አለ፤ ደስ ያላለው ይመስል ነበር። እኔ በልቤ ጮቤ ረገጥሁ።

ሲነጋጋ ዝናቡ ወረደ። ማኅሌቱ አልቆ ቅዳሴ ገብቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ሲንቧቧ እየሰማሁ ግድ አልሰጠኝም፤ ተረኛው ቦዩ ላይ ነዋ። ኋላ አንዲት ሴት ከከተማ አርፍዳ መጣች። ነጠላዋን እየጨመቀች ከጎኗ ላለችው «እስላሞቹም ዛሬ በዓል ሆኑ፤ ማታ ጨረቃ ታይታለች» ስትል ሰማሁ።

ጓደኛዬ እንግዲህ ሰላት ላይ ነው። መልእክት እንዳይልክልኝ እኔ በዋዜማው ማዶ ተሻግሬያለሁ። ቦዩ ላይ ማንም የለም፤ አባቴ ደግሞ በዋሻው ይመለሳል። ቅዳሴ ሳያልቅ መውጣት ነውር ነው፤ በገብርኤል ቀን ዶማ ማንሣትማ በእኛ ቤት አይነገርም። «በበዓል መሬት የሚቆፍር ልጅ አልወለድሁም» ይል ነበር አባቴ። መቋሚያዬን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወርሁ። አንዱን እግሬን አሳረፍሁ፣ ሌላውን አሳረፍሁ። ጸሎቱ ይሁን ዝናቡ የምሰማው ጠፋኝ። በመጨረሻ በሰው መካከል እየተሽሎከለክሁ ወጣሁ።

ቦዩ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ውሃው ልክ ከዋሻው በላይ ተኝቷል። ከዕቃ ቤቱ ዶማና አካፋ አውጥቼ ገባሁበት። የበዓል ልብሴ ከጭቃው አልተለየም። እየቆፈርሁ እሳደባለሁ፤ ጨረቃዋን፣ ደመናውን፣ ራሴን። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ብቻ ውሃው በድንገት ተንደርድሮ ወደ ጎን ሲወርድ እንደ ሕፃን እልል አልሁ።

ዝናቡ ንግሡን አሳጥሮት ኖሮ፣ ቀና ስል አባቴ ብቻውን ከታች መጥቶ ቆሟል። የሚያየው ዶማውን ነው።

«በገብርኤል?» አለ።

«አባባ፣ እርስዎ የሚያልፉበትን ነው። ተደፍኖ ነበር…»

አላስጨረሰኝም። ፊቱን አዙሮ ወደ አሮጌው መንገድ ተራመደ። ጠራሁት፤ ዞር አላለም። ብሮጥ እደርስበት ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ለእሱ ብዬ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ለእሱ ብዬ ጭቃ ለብሼ! «ይሂድ!» ብዬ ተመልሼ መዛቅ ጀመርሁ። አምስት አካፋ ያህል ብዛቅ ነው፤ ስድስተኛው ላይ መሬቱ ሲናድ ሰማሁ።

አባቴን ናዳ ይዞት ወርዶ አንድ የቀጋ ቁጥቋጦ ላይ ጥሎታል። ጭኑ ተሰብሯል። እኔ እየጮህሁ ስንሸራተት ጓደኛዬ ከላይ ደረሰ። ከሰላት ወጥቶ ምሳ ሳይቀምስ ወደ ቦዩ ሲሮጥ የመጣ ነው፤ ነጭ የበዓል ጀለቢያውን እንኳ አላወለቀም። በመጫኛ ጎትተን አወጣነው፤ ጋቢውን በሁለት እንጨት አስረን ቃሬዛ አበጀን። አሮጌው መንገድ ተቆርጧል። ወደ ቤት የሚወስደው ዋሻው ብቻ ነው።

መካከል ስንደርስ አባቴ ዓይኑን ገለጠ።

«ከፊት የያዘኝ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ» አለ ጓደኛዬ።

«ዛሬ በዓልህ አይደለም?»

«ነው፣ አባ።»

አባቴ «ሕሙም መሸከምስ በበዓልም ተፈቅዷል» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ የሚያስረዳ ይመስል።

ይህን ስሰማ መታገሥ አቃተኝ። «ከወደቁ በኋላ ነው የሚፈቀደው? እንዳይወድቁ ማድረግ ነው ኃጢአቱ?» ብዬ ጮህሁበት። ድምፄ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ተመለሰብኝ። በሕይወቴ አባቴ ላይ የጮህሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ተሰብሮ ተኝቶ። «ተው፣ ወንድምዓለም» አለኝ ጓደኛዬ። አባቴ ዓይኑን መልሶ ከደነ።

ወጌሻ አሸው፤ አጥንቱ ግን ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ቆሞ ማኅሌት አልመራም። ለሰው ሁሉ «መንገዱ ከዳኝ» ይላል፤ ስለ ዶማው ትንፍሽ አላለም። እኔም አልጠየቅሁትም። አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ሆነን ዓመት ሞላን።

በዓመቱ የገብርኤል ዕለት ቁስቋም ቤታችን ውስጥ፣ ከእሱ መደብ አጠገብ ነጭ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ኢድ ቀድሞ አልፏል፤ ቦዩ ላይ ያለው ጓደኛዬ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ተነሣሁ፤ በሩን አየሁ፤ ተቀመጥሁ። እንደገና ተነሣሁ።

«ምን ያቁነጠንጥሃል?» አለ አባቴ።

«ምንም። ተረኛው እሱ ነው።»

«አውቃለሁ። ዝናቡ ግን ብርቱ ነው፤ ብቻውን አይችለውም። ዶማህን ያዝና ሂድ፣ አግዘው።»

ፊቱን አየሁት፤ ወደ ግድግዳው አዙሮታል። ሄድሁ። ጓደኛዬ በነጭ ልብስ ሲያየኝ ደንግጦ «ምነው፣ ምን ሆንህ?» አለኝ፤ ዶማዬን ይዤ ከጎኑ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ያን ፈቃድ ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው ኖሬ ነበር። ሳገኘው ግን አለቀስሁ እንጂ አልተደሰትሁም፤ የተከፈለበት በአባቴ እግር ነው።