አርባ አንደኛው እንግዳ

የእህቴን ሠርግ ላፍቶ ውስጥ በተከራየነው ግቢ፣ ለአርባ ሰው ብቻ ደገስን። ያልጠራናቸው ዘመዶች አኩርፈውናል። ስለዚህ ጥቁር ኮት ላይ ነጠላ የደረቡ አዛውንት በር ላይ ሲቆሙ፣ ማንነታቸውን ለመጠየቅ ፈራሁ። የሙሽራው ወገን መስለውኝ ከፊት አስቀመጥኳቸው።

"ልጄ፣ እኔ እንኳን..." ሲሉኝ፣ "ሳይቀምሱማ አይሆንም" ብዬ ሳህን አስያዝኳቸው።

የሙሽራው አባት ደግሞ የእኛ ዘመድ መስለዋቸው፣ "አባቴ፣ ይመርቁልን" አሏቸው። ሽማግሌው ትንሽ አመነቱና ተነሥተው መረቁ። ምርቃታቸው እናቴን አስለቀሳት። "አሜን" ብለን ስንቀመጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ እኔ ጎረቤት ነኝ። የሙሽሮቹ መኪና በሬን ዘግቶብኛል። ቀብሩስ አመለጠኝ፤ ለቅሶ እንኳ ልድረስ።"