ከኖራው ሥር

የጭሮ ከተማ የጃካራንዳ ዛፎች ዘንድሮ ሳያብቡ ቀሩ። በዳገቱ መንገድ ዳር የተሰለፉት ዘጠኙም ከጫፋቸው ጀምረው ደረቁ። በማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ ሃያ ዓመት የሠራችው ጣሂራ በገዛ እጇ ተክላ፣ በጀሪካን ውሃ እያመላለሰች ያሳደገቻቸው ናቸው። አሁን አለቃዋ አቶ ደረጀ፣ «እስከ ነገ የሚድነውን ለይተሽ ንገሪኝ፤ የቀረው ይቆረጣል» ብለዋታል።

የመጀመሪያውን ግንድ በእርጥብ ጨርቅ አሽታ፣ ለበዓል የተቀባውን ነጭ ኖራ አስለቀቀች፤ ከዚያ በቢላዋ ጫፍ ቅርፊቱን ፋቅ አደረገች። ሕይወት ያለው ዛፍ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነው፤ ያበራል። ያገኘችው ግን ጥቁር ብስባሽ ነበር፤ የኮመጠጠ ሊጥ ይሸታል። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛውም ያው።

«አዴ ጣሂራ፣ በሽተኛው ምን ሆንኩ አለ?» አላት በዘጠነኛው ዛፍ ሥር ጫት የሚሸጠው ፋሩቅ። «ሐራራ ከሆነ አንድ እፍኝ ልስጠው፣ ይነቃል!»

«ወላሂ ተወኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው።»

ሦስተኛውን ከደረቷ ከፍ አድርጋ ስትፍቅ እጇ ቆመ። ከዚያ በላይ ቅርፊቱ ደርቋል እንጂ አንድ ቁስል የለበትም። ቁስሉ ሁሉ የሚያበቃው ኖራው በሚያበቃበት፣ በእሷ ደረት ልክ ነው። ወደ ተከታዮቹም ሄዳ ፋቀች፤ በስምንቱም ዛፍ ላይ ያው ነው።

አጃኢብ! በየዓመቱ ከበዓል በፊት፣ ኖራው እንዲይዝ ብላ ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ የምትፍቀው እሷው ናት። በከፈተችው ቁስል በሽታው ገባ። በዚያው ብሩሽ ከዛፍ ወደ ዛፍ አሻገረችው፤ ከዚያ ነጭ ቀብታ ሸፈነችው። አላፊ አግዳሚው «እንዴት ያምራል!» ሲላት ደስ ይላት ነበር።

ዘጠነኛውን ፈራችው። የፋሩቅ የጫት መደብ የተደገፈበት ጎን ግን ብሩሽ ደርሶበት አያውቅም። እጇን ከመደቡ ኋላ አሾልካ ቢላዋውን አሳረፈች። አረንጓዴ! የመዳፍ ስፋት ብቻ፣ ግን አረንጓዴ።

በማግስቱ አቶ ደረጀን፣ «ጌታዬ፣ በሽታው እኔ ነኝ» ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«በኖራ? ኖራማ መድኃኒት ነው!» ሳቁ። «እሺ፣ ዘጠነኛው ይቆይልሽ። ግን ቅዳሜ እንግዳ አለብን፤ ዙሪያውን ፍቀሽ ቀቢው።»

«ይቅርታዎን፣ አልፍቅም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ይፍቀዋል።»

ሌላ ሠራተኛ ባልዲና ብሩሹን ይዞ ሲመጣ ፋሩቅ መደቡን አነሳ። «ታዝዤ ነው አዴ» አለ ዓይኗን ሳያይ። ጣሂራ መደቡ በነበረበት ገብታ ጀርባዋን ከአረንጓዴው ጎን ላይ ለጠፈች።

«ኧረ ተነሺ!» አላት ባለ ብሩሹ።

አልተነሳችም። ቁልቁል የቆራጮቹ የሞተር መጋዝ የመጀመሪያውን ዛፍ መቁረጥ ሲጀምር አንዳች መንቀጥቀጥ ጀርባዋ ላይ ተሰማት፤ ዛፉ ይሁን እሷ መለየት አቃታት።