ጥልፉ የነበረበት ቦታ

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆና የልብስ ስፌት ትማር ነበር። አንድ ቀን ሀዳር ሰፈር ካለው ቤታችን ስገባ ነጩን ቀሚሴን ከሻንጣ አውጥታ ጠበቀችኝ። ደረቱ ላይ መስቀል አለው። ጎንደር ክርስቲያን ሆነን ስንኖር በእጄ የጠለፍኩት ነው። ሌላው ሰው እንዲህ ያለውን ትቶ ነው ወደዚህ ወደ አይሁድ አገር የመጣ፤ እኔ አልሆነልኝም።

«ለመጨረሻ ሥራዬ ይኼን እፈልጋለሁ» አለች።

«ልትገይኝ ነው? ቤት ዲን ልንቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀረን!»

አይሁድነታችንን የሚያጸድቁት የቤት ዲን ዳኞች ናቸው። እነሱ እንቢ ካሉ ጎንደር የቀረችው እህቴም የመምጣት ተስፋ የላትም።

«ፋሽን ነው እኮ፣ እማዬ!»

«ፋሽንማ ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞ የሚያልፍ ነው። ይኼ ግን አያልፍም፣ ያስይዘናል።»

«ቃሉ ከላቲን ነው የመጣ ብላናለች አስተማሪያችን። መጀመሪያ መሥራት ማለት ነበር። ኋላ አሠራር ሆነ፣ ከዚያ አለባበስ። አንቺ ይኼን ሠርተሽው የለ?»

«ላቲኑ ይቅርብኝ!»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ መስቀሉን በምላጭ ተረተርኩት። ሳየው ባሰ። ጨርቁ ቢጫ ብሏል፣ ክር የሸፈነው ቦታ ግን እንደ አዲስ ነጭ ነው። መስቀሉ ቁጭ ብሏል! በረኪና ነከርኩት፤ የመርፌው ቀዳዳ አልጠፋም።

መጥታ አየችው። «ቤሰደር፣ ይሁን» ብላ መቀስ አነሳች። ደረቱን በቀጭን በቀጭኑ ቀድዳ፣ አዘበራርቃ መልሳ ሰፋችው። መስቀል የሚባል አልቀረም፤ ቀዳዳ ብቻ እዚህም እዚያም።

ተማሪዎቹ ሥራቸውን ባሳዩ ቀን ዓይኔ ከበሩ አልተነሳም። የፈራሁት አልቀረም፤ ለቤት ዲን የሃይማኖት ትምህርት የምትሰጠን ሴትዮ ገባች፣ የእሷም ልጅ እዚያው ነው የምትማር። ቀሚሱን በጣቷ ዳበሰችው።

«ምን ነበረበት?»

ልጄ እኔን አየች። እኔ ነኝ የሠራሁት እንድል ነው የጠበቀች።

«እንጃ» አልኩ። «አሮጌ ነው፣ ፋሽኑ አልፎበታል።»

ልጄ ፊቷን አዞረች።

ዳኞቹ ስለ ልብስ አልጠየቁንም፤ አለፍን። እህቴ ግን እስካሁን እየጠበቀች ነው። የተረተርኩትን ክር አልጣልኩትም፣ በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አለ። አንዴ ቁም ሳጥን፣ አንዴ ፍራሽ ሥር አደርገዋለሁ። ዛሬም ቦታ ቀየርኩለት።