ንፋሱ የፈረመበት አኮርዲዮን

አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ካርድ ልታወጣ ሄዳ፣ መዝጋቢው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ሥራ?» ብሎ ጠየቃት።

«ተኳሽ።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አቁሞ ከእግር እስከ ራሷ አያት። አጠር ደልደል ያለች፣ ጉንጯ በእንፋሎት የቀላ፣ ዓይኗ ሳቂታ ሴት ናት። «የምን ተኳሽ?»

«የሸሚዝ፣ የአንሶላ፣ የጠረጴዛ ልብስ። እስካሁን አንድም አልሳትኩም» አለችው። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰፈርም በመሥሪያ ቤትም ተኳሿ እንጂ በስሟ የሚጠራት ጠፋ።

ተኳሿ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ካውያ ከጨበጠች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የምትሠራበት ክፍል መስኮት የለውም፤ ዝናብ መዝነቡን የሚያውቁት እንግዶች ጭቃ የነካው ሱሪ ሲልኩ ነው። ሸሚዝ ስትተኩስ ኮሌታውን ታስቀድማለች፣ ቀጥላ የእጅጌውን ጫፍ፣ ከዚያ እጅጌውን፣ ጀርባና ደረቱን መጨረሻ ላይ። ይህን ያዛባች አዲስ ሠራተኛ ካየች «አንቺዬ፣ ካልሲ የሚደረገው ከጫማ በፊት ነው በኋላ?» ትላታለች።

በዚህ ዓለም ላይ አብልጣ የምትወደው ሁለት ነገር ነው፤ ፀጉር አስተካካዩን ባሏንና አኮርዲዮኗን። የትኛው እንደሚበልጥ ባልየው እስከ ዛሬ አላረጋገጠም።

አኮርዲዮኑን ያገኘችው እንዲህ ነው። ሆቴሉ ድሮ የራሱ ሙዚቀኞች ነበሩት። እነሱ ተበትነው ዕቃ ክፍሉ ሲጸዳ፣ ወናፉ የተቀደደ አንድ አኮርዲዮን ከእግር አልባ ወንበሮች ጋር ሊጣል ወጣ። ለምና ወሰደችው። ከኮሌታ ውስጥ የሚገባውን፣ ካውያ ሲጫነው የሚጣበቀውን ማጠንከሪያ ጨርቅ ቆርጣ፣ ቀዳዳውን ከውጭ በኩል እጥፋት በእጥፋት እየተከተለች ለጠፈችበት። ወናፉ ተነፈሰ። አንድ ቁልፍ ብቻ ድዳ ሆኖ ቀረ፤ ቢጫኑት ቢጫኑት ቃል አይወጣውም።

አስተማሪዋ ካሴት ነበር፤ የንፋሱ ካሴት። ንፋሱ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። አኮርዲዮን ሲጫወት የሰማው ሰው ሁሉ የሰጠው ነው። ተኳሿ ካሴቱን እየመለሰች፣ እያቆመች፣ ደግማ እየመለሰች ዘፈኖቹን አንድ በአንድ በጆሮዋ ለቀመች። ከሁሉ የምትወደው ዝግ ያለው ዜማ ግን መሃሉ ላይ ያንን ድዳ ቁልፍ ይፈልጋል። ስለዚህ እዚያ ስትደርስ በጎረቤት ቁልፎቹ በኩል ዞር ብላ ታልፋለች።

«ይኸው፣ እዚህ ጋ ሁሌ ትሳሳቻለሽ» ይላታል ባሏ።

«አልተሳሳትኩም። ዞሬ ነው ያለፍኩት።»

ይህ ክርክር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ሠራተኞቹን ሰበሰበች። ነገሯን ሁሉ «ደንቡ እንዲህ ይላል» ብላ ስለምትጀምር በሌለችበት እትዬ ደንቡ ነው የሚሏት።

«ነገ ንፋሱ እኛ ጋ ያርፋል» አለች። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ይጫወታል። ደንቡ ግልጽ ነው። ፎቶ እንነሳ፣ ፈርሙልን፣ እጅዎን እንጨብጥ ብሎ እንግዳ ማስቸገር የለም።» ይህን ስትል ዓይኗን ከተኳሿ ላይ አልነቀለችም።

«እኔ ምን አልኩ እትዬ?»

«አፍሽ ምንም አላለም። ፊትሽ ግን ሻንጣውን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል።»

ማታ ቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። እሱም «ታዲያ ምን ችግር አለው? ቁራጭ ወረቀት ይዘሽ በር ላይ ጠብቂው» አላት።

«ወረቀት? እኔ ከሱ የተማርኩት በወረቀት ነው እንዴ! የሚፈርምልኝ አኮርዲዮኑ ላይ ነው።»

«ያንን የሚያህል ጓዝ በየት አሳልፈሽ?»

አኮርዲዮኑን በዓይኗ ለካችው። ሲያያት መልሱ የተገኘ ይመስል ነበር፤ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች።

አርብ ረፋድ ላይ ንፋሱ ካረፈበት ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቁጥር ክፍል አንድ ነጭ ሸሚዝ ወረደ። ተኳሿ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ ተኮሰችው። ሁለተኛው አስፈላጊ አልነበረም፤ ስላላስቻላት ነው። ሌላ ቀን ልብስ የሚያደርሱት የፎቅ አስተናጋጆች ናቸው። ያን ቀን ግን «ተዉት እኔ አደርሳለሁ፣ እግሬም ይፍታታ» ብላ የአንሶላ ጋሪዋን እየገፋች ሊፍት ገባች። ከአንሶላው ሥር ያለውን የሚያውቅ ከእሷ በቀር የለም።

አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽክ ያሉ ባልና ሚስት ገቡ። ሊፍቱ ንቅንቅ ሲል የአኮርዲዮኑ ማሰሪያ ተፈታና ጋሪው በረጅሙ አቃሰተ። «ኧ...ኧ...ኧንንን!»

ሰውዬው ጋሪውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ተኳሿ ሆዷን ያዝ አድርጋ «ይቅርታ፣ ቁርስ አልበላሁም» አለች።

ሴትየዋ አንጀቷ ተንሰፍስፎ ከቦርሳዋ እሽግ ብስኩት አወጣች። «እንኪ የኔ እናት። ኧረ እንዲህ ድረስ አይራብም!»

የክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ሽርጧን አስተካከለች። ለዚህ ቀን ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ስንት ዓመት ካውያ እየገፋች በልቧ ስታጠናው የኖረችው። አንኳኳች። በሩን የከፈተው ካሴቱ ላይ ካለው ፎቶ ይልቅ ከሳ ያለ፣ ካናቴራ የለበሰ፣ ሰባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው።

«ነይ ግቢ። መነጽሬን አይተሻል?» አላት፣ የዱሮ ጎረቤቱ ይመስል።

«ግንባርዎ ላይ ነው ጋሼ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተጠብቆ የወጣው ቃል ይኸው ሆነ። የቀረው ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። ሸሚዙን ሰጠችው። መነጽሩን አውርዶ ኮሌታውን አገላብጦ አየ፣ በጣቱ ዳበሰ። «ይሄ የኔ ነው? ለብሼው ስኖር እንዲህ ያለ ሸሚዝ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ።

ምስጋና ላቅርብ ብትል አፏ ተሳሰረ። ይቅርብኝ ብላ ጋሪዋን ወደ በሩ ስታዞር ጎማው ምንጣፉን ያዘና ጋሪው እንደገና አቃሰተ።

ንፋሱ ጆሮውን አቀና። «ከአንሶላው ሥር ማነው የሚያለቅሰው?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለችና ገለጠችው። ከዚያማ ቃሉ ሁሉ ተግተልትሎ መጣ፤ ካሴቱ፣ ቅዳዱ፣ ማጠንከሪያ ጨርቁ፣ አንዱም ሳይቀር። በመጨረሻ ከሽርጧ ኪስ የልብስ መጻፊያ ማርከሯን አወጣች። «ጋሼ፣ እዚህ ፊት ለፊቱ ላይ ይፈርሙልኝ። ሃያ ጊዜ ቢታጠብ የማይለቅ ቀለም ነው።»

«አልፈርምም» አለ።

ተኳሿ ማርከሯን መልሳ ከደነች።

«አትቀየሚኝ። ስንት ጊታር በፊርማ ገድያለሁ መሰለሽ! ገና ከመፈረሜ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉትና አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። መጀመሪያ በሕይወት መኖሩን ልስማ። ተጫወቺ።»

«እዚህ? አሁን?»

«ሸሚዜን ለነገ አሳደርሽው እንዴ?»

ወንበር ጫፍ ላይ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች ተቀመጠች። ጣቶቿ መጀመሪያ እንደ እንግዳ ተሽኮረመሙ፣ ቀስ በቀስ ግን ቤታቸው ገቡ። ዝግ ያለውን ዜማ ጀመረች። መሃሉ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ዞር ብላ አለፈች።

«ቆይ ቆይ» አለ ንፋሱ። «ይሄ የኔ አይደለም።»

«ያ ድምፅ የኔ ላይ አይሠራም ጋሼ። ድዳ ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል ዞሬ ነው የማልፈው።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። እሱ የራሱን አኮርዲዮን ከሳጥኑ አወጣና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «አንዴ ደግሞ፣ ቀስ ብለሽ።» በዚህኛው አብሯት ተጫወተ። በዚያች መታጠፊያ ላይ ሁለቱም እኩል ዞሩ። ሲጨርሱ ሽማግሌው ልጅ እስኪመስል ድረስ ሳቀ። «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በዋናው መንገድ ስመላለስ፣ አንቺ ጓሮ በኩል እንዲህ ያለ አበባ አግኝተሻል!»

ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። «ወናፉን እስከ መጨረሻው ወጥሪልኝ» አላት። እጆቿን ዘርግታ ወጠረችው። የፈረመው ፊት ለፊቱ ላይ አልነበረም፤ እሷ በካውያ የለጠፈችው ነጭ ጨርቅ ላይ ነው፣ ከእጥፋት ወደ እጥፋት እየተሻገረ፣ በትልልቁ። «ሲዘጋ ማንም አያነበውም። የሚነበበው ስትጫወቺ ብቻ ነው። እንግዲህ ስቀይውና አያለሁ!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ይሄኔ በሩ ተንኳኳና ተከፈተ። እትዬ ደንቡ ናት። ያየችውን ማመን አቃታት፤ ሠራተኛዋ እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ ተቀምጣለች፣ የተከበረው እንግዳ በካናቴራ ተንበርክኮ ይጽፋል።

«ጌታዬ፣ እጅግ አድርገን ይቅርታ እንጠይቃለን...»

«አንዴ ይታገሡኝ እመቤቴ» አለ ንፋሱ ቀና ሳይል፣ «አንድ ፊደል ቀርቶኛል።»

ደንብ ደንብ ነውና ከሰዓት በኋላ ተኳሿ ቢሮ ተጠራች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቃት። «የሆቴሉ ንብረት በሆነ የአንሶላ ጋሪ የግል አኮርዲዮን በማጓጓዝና ሦስተኛ ፎቅን ያለ ፈቃድ በሙዚቃ በመረበሽ» ይላል። አነበበችው። ሳቋ መጣ፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው።

«ደርሶኛል ብለሽ ከታች ፈርሚ።»

ፈረመች። ወረቀቱን ስትመልስ ግን አላስቻላትም። «እትዬ፣ መቼ ነው የደረሱብን?»

እትዬ ደንቡ ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ከተተች፣ ፋይሉን ዘጋች፣ ጠረጴዛውን አስተካከለች። «ከበር ውጭ ቆሜ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ደንቡስ?»

«ደንቡ የሚጀምረው ካንኳኳሁ በኋላ ነው። ሂጂ፣ ሥራሽ ይጠብቅሻል።»

ቅዳሜ እንግዳ መቀበያው ላይ ሁለት ትኬት በፖስታ ተቀምጦላት ተገኘ። ባሏ ፀጉር ቤቱን በጊዜ ዘግቶ፣ የራሱን ጢም ራሱ አስተካክሎ መጣ፤ ከጆሮው ሥር ትንሽ ቢቆረጥም አልታወቀበትም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ንፋሱ በዚያ ነጭ ሸሚዝ ብቅ ሲል ተኳሿ መጀመሪያ ያየችው ኮሌታውን ነበር፤ እንደተኮሰችው ቆሟል።

ሲጫወት ሲጫወት ቆይቶ ዝግ ያለውን ዜማ ጀመረ። አዳራሹ ጸጥ አለ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ንፋሱ ዞር ብሎ አለፈ።

ባልየው ከወንበሩ ዘለለ። «ውይ! ሰውዬው ልክ እንዳንቺ ተሳሳተ!»

«እሽሽ!» አሉ ከኋላ።

«ኧረ በደንብ ነው የተሳሳተው! እዚያችው ቦታ ላይ! በአንቺው በኩል...» ብሎ ወደ ሚስቱ ሲዞር ተኳሿ እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ ጥርሷ ደግሞ በሳቅ ተገልጧል። አፉን ያዘ። እጇን ጨበጠና «አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለ።

በማግስቱ ግን አዲስ ሐሳብ ይዞ ተነሳ። አኮርዲዮኑን ፀጉር ቤት ወስዶ ከመስታወቱ በላይ ሰቀለው። «ንፋሱ የፈረመበት» ብሎም በካርቶን ጻፈበት። የመጀመሪያው ደንበኛ ፎጣ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ተነስቶ ዙሪያውን ፈተሸ። «የታለ ፊርማው?»

«ወናፉ ሲከፈት ነው የሚታየው።»

«እኔ የማየው የተዘጋ ሣጥን ነው። አንተ ሰውዬ፣ እንደ ፀጉር አቆራረጥህ ልታታልለኝ ነው?»

እንዲህ እየተባለ ሦስት ቀን ተሳቀበት። በአራተኛው ቀን አውርዶ በትከሻው ተሸክሞት ገባ። «በይ እንኪ፣ ያለ አንቺ ዋጋ የለውም» አላት።

«እኔም እንደዚያው እላለሁ» አለችው፣ ማሰሪያውን ትከሻዋ ላይ እያጠለቀች።

አሁን በዕረፍት ቀኗ ፀጉር ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች። ፀጉሩ ያላደገ ሰው ሳይቀር ወረፋ ይይዛል። ባልየው መቀሱን በዜማው ልክ ስለሚያንቀሳቅስ፣ ሞቅ ያለ ዘፈን ሲሆን ደንበኞቹ ጆሯቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ድዳውን ቁልፍ የሚጠግን ሰው ጠቁመዋት ነበር፤ ሄዳ እንኳ አልጠየቀችም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ መንገድ አቋርጦ መጣና አፍንጫው ወናፉን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አለ። ተኳሿ ፈጠን ያለ ዘፈን ላይ ነበረች፤ ወናፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ሽማግሌው አንገቱን እንደ ዶሮ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ቶሎ ቶሎ አትዝጊው እንጂ! እያነበብኩ ነው እኮ!»